«ሞተሩ ይውረድ» ከማለታችሁ በፊት፦ አሮጌ ስፖርት መኪና በጎጃም አየር

አሮጌ ስፖርት መኪና ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው አንድ ቀን የሚሰማት ፍርድ አለች። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ።» ይህቺ ፍርድ የትም ትሰማለች። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ቶሎ ትመጣለች። ምክንያቱም እዚህ ጤነኛ ሞተርም የደከመ ይመስላል።

ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። የአውሮፓ መኪና መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን የተለካው ለባሕር ጠለል በቀረበ አየር ነው። የፊያት አገር ቱሪን ከ250 ሜትር ብዙም አትርቅም። እኛ ያንኑ ቁጥር ይዘን ማርቆስ ላይ እንለካለን። ሲጎድልብን ሞተሩን እንከሳለን። መከሰስ የነበረበት አየሩ ነው።

ነገሩን በአንዲት መኪና ላይ ላስረዳ፤ በፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር። አንድ ወዳጄ ከአጎቱ የወረሳትን ማርቆስ ግቢው ውስጥ በሸራ ሸፍኖ አቁሟታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚገኘው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለውን በአግባቡ ማዳን ያዋጣል።

ስፓይደሯ መጀመሪያ የታየችው በ1966 እ.ኤ.አ. በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ቅርጿን ያወጣው ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን የመኪና ዲዛይን ቤት ነው። ሞተሯን የነደፈው ቀድሞ ፌራሪ ቤት የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ቴስታታው ላይ፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ላይ፣ ሁለት ካምሻፍት አለ፤ ባልቦላዎቹን፣ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮቹን፣ የሚከፍቱ ዘንጎች ናቸው። ሁለቱንም የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው። በዚያ ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። የመጀመሪያው ሞተር 1,438 ሲሲ ሆኖ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጥ ነበር። አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን። ስሟ በኋላ ቢለወጥም እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርታለች።

ለእኛ ደግሞ ሩቅ አይደለችም። ሁላችንም የተሳፈርንባት ላዳ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሩሲያ የተሠራችው ከፊያት 124 ሴዳን ተወስዳ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው የላዳ ዕቃ ይገጥማታል» ይላል። ቀስ። የላዳ ሞተር ሌላ ነው፤ ካምሻፍቱ አንድ ነው፣ የሚያዞረውም ሰንሰለት ነው። የኋላ ፍሬኗም ታምቡር ነው። ከፊት እግሯ አካባቢ ግን ዝምድናው ይታያል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ያዙ፣ በካሊፐር ለኩ፣ ከዚያ ግዙ። በስልክ «የ124 ነው» ተብሎ የተላከ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ በአውቶቡስ ይሄዳል።

አየሩ ምን ይወስዳል

ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር ያህል ነው። ባሕር ዳር ላይ ወደ 815 ይወርዳል። ማርቆስ ላይ 750 አካባቢ ይሆናል። ፒስተኑ ወርዶ የሚስበው ቦታ ያው ነው። በዚያ ቦታ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ግን ያንሳል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል።

በሌላ አነጋገር 1,438 ሲሲው ሞተር ማርቆስ ላይ የሚያገኘው አየር፣ ባሕር ጠለል ላይ ላለ 1,100 ሲሲ ገደማ ሞተር የሚበቃ ነው። 90 የነበረው ፈረስ ጉልበት 70 አካባቢ ላይ ይቀራል። ማንም አልሰረቀውም። ሞተሩን አውርዳችሁ በአዲስ ፋሻ፣ ማለት በፒስተን ቀለበት፣ እና በአዲስ ባልቦላ ብትሞሉትም ያ ጉልበት ከአየሩ ጋር ነው የቀረው።

ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ ከዚህች እውነት የሚመዘዝ ነው።

ከማስነሳት በፊት

ለዓመታት የቆመች መኪና ላይ ባትሪ ገጥሞ ቁልፍ መጠምዘዝ ያጓጓል። ተዉት።

መጀመሪያ እሳት የሚያፈነጥቁትን አራቱን ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ሌሊቱን ይደር። በማግስቱ የኮሎውን፣ ማለት ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ፑሌጃ ብሎን በቺያቤ ይዛችሁ በእጅ አዙሩት። ከዞረ ትልቁ ስጋት አልፏል። ካልዞረ አታስገድዱት፤ ዘይቱ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይበት።

ቀጥሎ ቺንጋው። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። የጎማ ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም የሚያረጀው፣ በዕድሜም ነው። ቆማ የከረመች መኪና ቺንጋ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ጥርሱን በጥፍራችሁ ገፋ ስታደርጉት ግን ሥሩ ላይ ስንጥቅ ይታያል። ከተበጠሰ ባልቦላዎቹ ከፒስተኑ ጋር ወይም እርስ በርስ ሊጋጩ ይችላሉ። ያኔ በእርግጥም ሞተሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሯ ሳትነሳ ቺንጋውም ማወጠሪያ ኩሽኔታውም ይቀየሩ። የሁለቱ ካምሻፍት ምልክትና የኮሎው ምልክት በቦታቸው ሲሆኑ ቺንጋውን ግጠሙ። ከዚያ ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹን እንደገና እዩ። መሀል ላይ ጠንከር ያለ ነገር ቢይዛችሁ ወዲያው አቁሙ፤ የያዛችሁ ባልቦላ ነው።

ሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ቆይቶ ከሆነ የቀለም ሽታ ይሸታል። ያ ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ ሲገባ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቅዱት፣ ሰልባትዮውን አውርዳችሁ እጠቡት፣ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ። አገራችን ውስጥ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ጋር ሲደባለቅ የነበረበት ጊዜ አለ፤ የመኪናዋ ዘመን ጎማ ደግሞ ኢታኖልን አይወድም። ባዶ ሰልባትዮ ቀዳዳ አለው ብሎ ወደ ብየዳ ቤት መውሰድ ግን አደገኛ ነው። ባዶ የሚመስለው ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል።

ሥሯ ስትገቡም በክሪክ ብቻ አትመኑ። ብሎኬትም አትደርድሩ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ማቆሚያ እግር ከሌለ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ተጠርቦ፣ በሁለት በኩል ተደግፎ ይሻላል። ጎጃም ውስጥ ባሕር ዛፍ አጣን የሚል ሰው አላየሁም።

ኮምፕረሽን፣ በግፍ የሚፈረድበት

ኮምፕረሽን መለኪያ ካንዴላው ቀዳዳ ላይ የምትገጠም ጌጅ ናት። ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ሲያዞር ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቀው ፒኤስአይ በሚባለው የግፊት መለኪያ ታሳያለች። ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው።

ወዳጄ ግቢ የመጣው መካኒክ ዕድሜውን በሙሉ መኪና ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ከ150 በታች ሞተር አይባልም። ፋሻው አልቋል።»

«ጋሼ፣ አራቱ ስንት ስንት አነበቡ?»

«አንዱ 112። ሁለቱ 110። አንዱ 108።»

«አራቱም እንዲህ እኩል ያለቁበት ሞተር አይተው ያውቃሉ?»

ትንሽ ዝም አለ። አላየም። እኛም አላየንም። ሞተር ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሲሊንደር ቀድሞ ይወድቃል፤ ሌላው ይከተላል። አራቱም ተደጋግፈው እኩል የወረዱት አየሩ ስለወረደ ነው።

ስሌቱ አይከብድም። መጽሐፉ ያለውን ቁጥር ማርቆስ ላይ በ0.75 አባዙት። ባሕር ዳር ላይ በ0.8። 150 ፒኤስአይ የሚል መጽሐፍ ማርቆስ ላይ 112 ማለቱ ነው። ከማርቆስ ከፍ ባለችው እንጅባራ ያለ ሰው ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ያድርግ።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ንባቡ ከዚህ ስሌት ብዙ ካልራቀ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛውም ከ10 በመቶ በላይ ካልተራራቁ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና እንደገና ለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ደፈነው ማለት ነው። ካልተነቃነቀ ባልቦላው ወይም ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጣታችሁን ጓርኒሲዮኑ ላይ ቀስሩ።

ስትለኩ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ፔዳሉ ሳይረገጥ የተለካ ኮምፕረሽን ዋጋ የለውም። ሞተሩ አየር ሳያገኝ ነው የተለካው።

ካርቡሬተሩ እዚህ አገር እንዲኖር

ካርቡሬተር ቤንዚን የሚለካው በሚያልፈው አየር ሳቢነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ይቀንሳል፤ ግን የሚገባውን ያህል አይቀንስም። ማርቆስ ላይ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ ካርቡሬተር ከሚፈለገው 12 በመቶ ያህል የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ገንዘብ የሚበላ ሰልባትዮ፣ ጠዋት ጠዋት ማኩረፍ።

ልኩ ያለው በዋናው ጂግለር ላይ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀጭን ቀዳዳ ያለባት የነሐስ ብሎን። ላይዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር ነው። 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። ቤንዚኑን 12 በመቶ ያህል ለመቀነስ ዲያሜትሩን በ6 በመቶ ማሳነስ ይበቃል፤ ምክንያቱም የሚያልፈው መጠን የሚወሰነው በቀዳዳው ክብ ሙሉ ስፋት እንጂ በዲያሜትሩ አይደለም። ስለዚህ 120 የነበረባት መኪና ማርቆስ ላይ 113 ትፈልጋለች። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው 115 ነው።

እኔ ደግሞ 115ቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ዓባይ በረሃ ነው። ማርቆስ ላይ ልክክ ብላ የተስተካከለች መኪና በደጀን ወርዳ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ብላለች። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ የማርቆሱ ጂግለር ደግሞ ለዚያ አየር ይጠብባል። ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበቱ ይጀምራል። ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት፣ የቤንዚን ማነስ። ሦስቱ ሲገጥሙ ሞተሩ ውስጥ የብረት መንኳኳት ይሰማል። ያ ድምፅ ከቆየ ፒስተን ያቀልጣል። ማርቆስ ላይ ትንሽ ቤንዚን ቢበዛባት ኪሳችሁ ነው የሚጎዳው። ዓባይ ላይ ቢያንሳት ሞተሩ ነው የሚጎዳው። መኪናዋ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ግን ስጋቱ ትንሽ ነው።

ጂግለር በመርፌ ማስፋት፣ ወይም በቆርቆሮ ደፍኖ እንደገና መብሳት የሚባል ጥበብ አለ። እባካችሁ። በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ክብ አይሆንም፣ ቁጥሩም ይጠፋባችኋል፤ ቀጥሎ የሚሠራት ሰው ምን እንዳለባት አያውቅም።

ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ እሳቱን፣ ማለት ካንዴላው የሚያፈነጥቀውን ብልጭታ፣ ጨርሱ። እሳቱን በሚያከፋፍለው ስፒንተሮጀን ውስጥ ያለችው መቆራረጫ፣ ፑንቲናዋ፣ ከተበላች፣ እሳቱን የሚፈጥረው ቦቢና ከደከመ፣ የካንዴላ ገመዱ ካረጀ፣ የምታስተካክሉት ካርቡሬተር ሁሉ ውሸት ነው። ከካርቡሬተር የመጣ የሚመስል ብዙ በሽታ ምንጩ እሳት ነው። ሳሳ ያለ አየር ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ቀደም ቢል ሞተሩ ደስ ይለዋል። ሁለት ሦስት ዲግሪ በመብራት ታይቶ ይበቃል። ይህንንም ከዓባይ በረሃ ጋር አስቡት፤ አቀበቱ ላይ ከተንኳኳች መልሱት።

ውሃው ቶሎ የሚፈላበት አገር

ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሽሮ ሲንተከተክ የሚዘገየው ለዚሁ ነው። ራዲያተርም ያው ውሃ ነው ያለበት። የሚያድነው ክዳኑ ነው። ጤነኛ ክዳን ውስጡን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር መፍላቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ራዲያተሩን መልሶ ድስት ያደርገዋል። ስለዚህ «ራዲያተር ትቀቅላለች» ለተባለች መኪና የመጀመሪያው መድኃኒት አዲስ ክዳን ነው።

ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የራዲያተሩን ውሃ የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣልም ልማድ ሆኗል። የማርቆስ ጠዋት ብርድ ላይ ያለ ቴርሞስታት የምትሄድ መኪና ሞተሯ አይሞቅም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ያጥበዋል። በ124 ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን መንገድና የአቋራጩን መንገድ አንድ ላይ ነው የሚቆጣጠረው። ውስጡ ባዶ ሲሆን ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ይመለሳል። ይቀዘቅዛል የተባለው ሞተር አቀበት ላይ ይሞቃል።

ከማሻሻያዎች ውስጥ እኔ የማላንገራግርበት የኤሌክትሪክ ፋን ነው። ቀስ ብላ በምትወጣበት አቀበት ላይ ሞተሩ በዝግታ ቢዞርም ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል። በሪሌ (ብዙ ኤሌክትሪክ በሚሸከም ማብሪያ) ይገጠም፣ ማሳው (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው ገመድ) ደግሞ በደንብ ይጥበቅ። በአሮጌ መኪና ላይ የመብራት ችግር ግማሹ የማሳ ችግር ነው። ዝገቱን ፍቃችሁ ብረቱ እስኪያበራ አጽዱና ከዚያ እሰሩት።

ፍሬን

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ፣ ለፍሬን ይሁን።

ሹፌሯን ጨምሮ 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ 1,300 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል፣ ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ጠብታ ሳይቀር ለማትነን ይበቃል። ያ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ማርሽ ካልያዘ የሚሄደው ወደ ዲስኩና ወደ ፍሬን ሸራው ነው። ከዚያ ወደ ፍሬን ዘይቱ።

ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ዲግሪ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡት ወለሉ ድረስ ይሄድና ምንም አይዝም። ይህ የሚሆነው ደግሞ ቁልቁለቱ መሀል ላይ፣ ከስር ገደል እየታየ ነው። ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ ፍሬን ዘይት ቡናማ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ በዶት 4 ይተካ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዶት 5 የሚባለው ሌላ ዘር ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

የጎማ ቱቦዎቹንም አትርሱ። ያረጀ የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አብጦ ይዘጋል። ዘይቱ በእግራችሁ ግፊት ያልፋል፤ ሲለቀቅ ግን አይመለስም። ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ዲስኩ ይግላል። ብዙ ሰው ፍሬን ፒስተኑን ቀይሮ፣ ሸራውን ቀይሮ፣ ቱቦውን ሳይነካ «አሁንም ይይዛል» ይላል። አሮጌውን ሸራ ስታወጡ ደግሞ ብናኙን በአፋችሁም በኮምፕረሰርም አትንፉት። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ነበረው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። በውሃ አርጥቡና በጨርቅ ጥረጉት።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ ስበትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ እርዳታውም ይሳሳል። ማርቆስ ላይ ፔዳሉ ከባሕር ጠለሉ ጠንከር ቢልባችሁ ሰርቮው ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ረግጣችሁ አጠንክሩት፣ ከዚያ እግራችሁ ላዩ ላይ እንዳለ ሞተሩን አስነሱ። ዝቅ ካለ ሰርቮው አለ።

ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ዓባይን በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገባ፣ የሚወርድ ሰውም አለ፤ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድም አይጠፋም። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል። በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ። ሁለተኛ የምትጠይቅ መታጠፊያ ላይ ሁለተኛ ይሁን፤ ሞተሩ ይጩህ።

ጉልበት የምትፈልጉ እንደሆነ

እስካሁን ያልነው ማዳን ነው። ማሻሻል የሚባለውን ሰው የሚረዳው ግን በጉልበት ነው። ትልቅ ካርቡሬተር፣ ሰፊ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ኃይለኛ ካምሻፍት። በእኔ ግምት ማርቆስ ላይ እነዚህ ከጉልበት ይልቅ ድምፅ ይጨምራሉ። ከታች የሚሳብ ጉልበት ይጠፋና መኪናዋ የምትሄደው ስትጮህ ብቻ ይሆናል። ወደ ጎዛምን ገጠር የሚወስድ መንገድ ላይ ይህ አይመችም።

የሚጠቅሙት ትንንሾቹ ናቸው። ፑንቲናዋን በኤሌክትሮኒክስ መተካት። ጥሩ ራዲያል ጎማ። የእግሯን መገጣጠሚያ ጎማዎች (ጎሚኒዎች) በሙሉ አዲስ ማድረግ። ለፊት መብራት ሪሌ። ቀበቶ ከሌላት ቀበቶ። ዝገቱን ስታክሙም ስቱኮ አትለጥፉበት፤ ይህች ክፍት መኪና ስለሆነች ጥንካሬዋ ያለው ወለሏና ጎኗ ሥር ባለው ላሜራ ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። በሮቿ ሲከፈቱ ወለሉ የሚጎብጥ ከሆነ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት በሩ የሚገባበትን ክፍት በብረት ደግፉት። አለዚያ ከብየዳ በኋላ በሩ አይዘጋም።

የእውነት ጉልበት የፈለገ ሰው ያለው መንገድ አየሩን በግድ ማስገባት ነው። ፒኒንፋሪና ራሱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቮሉሜክስ በሚል ስም አየር የሚገፋ ኮምፕረሰር የገጠመባትን ሠርቶ 135 ፈረስ ጉልበት አውጥቷል። ከፍታ ላይ የዚህ ዓይነት ሞተር ትልቅ ጥቅም አለው። ግን ኮምፕረሽኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ የነዳጅ አሰጣጡ፣ ሁሉም አብሮ ይለወጣል፤ ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አየሩን እየለካ ቤንዚን የሚመጥን ኮምፒውተር ያለው ኢንጄክሽንም የጂግለሩን ጣጣ ያስቀራል። ዓባይ ታችም ማርቆስም ላይ ራሱን ያስተካክላል። የሚሠራው ሰው ከተገኘ ጥሩ ነው።

ሙሉ ሞተር የሚቀይር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። ለቦሎ ስትቀርቡ ቁጥሩ ካልተገናኘ ሥራችሁ ሁሉ በር ላይ ይቆማል። ሞተሩ ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ሰነድ ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ለውጡንም መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ማርቆስ ዙሪያ ይሁን። ቀጥሎ እስከ ደጀን። ዓባይን መውረድ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከድልድዩ ወደ ደጀን መልሳችሁ ስትወጡ፣ አፋፉ ላይ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ የቡና በወተት ቀለም ከሆነ ጂግለሩ ልክ ነው። ከነጣ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉት። ከጠቆረ ግን ጂግለሩን ከመንካታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ፤ ያን ሁሉ አቧራ የጠጣው እሱ ነው።